የጤነኛ ልጅ ደም

«የታመመ ልጅ ደም ሲቀዳ አይቻለሁ። የጤነኛ ልጅ ደም ግን ምን ይሠራላችኋል?»

ይህን የጠየቀው በሶዶ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በተጠራ የወላጆች ስብሰባ ላይ ከኋላ አግዳሚ ወንበር የተነሳ አባት ነው። በወላይትኛ ጠየቀ፤ የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር ወደ አማርኛ መለሰው። መልስ ለመስጠት የቀደመው የቀበሌው ሊቀመንበር ነበር። «ይሄ የልማት ሥራ ነው» አለ። በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ መንገድ ጠረጋውም፣ ችግኝ ተከላውም፣ የጽዳት ዘመቻውም የልማት ሥራ ይባል ስለነበር የልጆች ደምም እዚያው ውስጥ ገባ። ከፊት የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ። ጠያቂው ግን አልተቀመጠም፤ ከፊቱ ያለውን ወንበር ተደግፎ መልሱን ጠበቀ።

ጊዜው ሚሌኒየሙን ካከበርን በኋላ ነው። እኔ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። ከዚያ በፊት የሆርሞን ምርመራ ሲታዘዝ ናሙናውን በበረዶ ሣጥን አሽገን በማለዳ አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ እንልክ ነበር። ውጤቱ እስኪመለስ አንዳንዱ በሽተኛ ይድናል፣ አንዳንዱ ወደ መጣበት ይሄድና ሳይመለስ ይቀራል። በኋላ ለኛም ሆርሞን የሚለካ መሣሪያ መጣልን። መሣሪያውን ተከትሎ ደግሞ አንድ የሕፃናት ሐኪም ተመድቦ መጣ። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ሲያስብ የእስክሪብቶውን ክዳን የሚነክስ ሰው ነው። ከጤነኛ ልጆችና ወጣቶች ደም ወስዶ ኢንሱሊኑ፣ የታይሮይዱ ሆርሞን፣ ከስብ የሚወጣውና ለአእምሮ «ጠግቤያለሁ» የሚለው ሆርሞን በየዕድሜው ስንት እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። ደም የምቀዳውም የምለካውም እኔ እንድሆን ተመረጥኩ።

ሐኪሙ ተነስቶ ለጠያቂው አባት እንዲህ አለው።

«ጋሼ፣ ነገ ልጅዎ ቢታመምና እኔ ዘንድ ቢያመጡት ደሙን እናያለን። መሣሪያው አንድ ቁጥር ይሰጠናል። ያ ቁጥር ይብዛ ይነስ የማውቀው ከጤነኛ ልጅ ቁጥር ጋር ሳስተያየው ነው። የጤነኛ ልጅ ቁጥር ግን የለኝም። ያለኝ ከመሣሪያው ጋር በካርቶን የመጣ ወረቀት ነው። እሱ ላይ የተጻፈው የፈረንጅ አገር አዋቂ ሰው ልክ ነው።»

ዩኒት ሊደሩ ሲተረጉም አዳራሹ ሳቀ። ጠያቂውም ፈገግ አለ።

«የኔን ልጅ ከፈረንጅ ሽማግሌ ጋር ነው እንዴ የምታስተያዩት?»

«እስካሁን እንደዚያ ነው» አለ ሐኪሙ።

«ይሁን። እንግዲያው ከራሳችሁ ልጆች ጀምሩ።»

የሐኪሙ ልጆች አዲስ አበባ ናቸው። ሊቀመንበሩ ወደ ጣሪያው ተመለከተ። እኔ ልጅ የለኝም። ቢሆንም ተነሳሁና፣ «የእህቴ ልጅ እዚሁ ትምህርት ቤት ትማራለች። ከሷ እጀምራለሁ» አልኩ። ለእህቴ አልነገርኳትም፤ ልጅቷንም አልጠየቅኳትም። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

ያን ጊዜ የምኖረው እህቴ ግቢ ውስጥ ባለች ሰርቪስ ቤት ነበር። እህቴ ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ቤቷ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ባሏ ወንጌላዊ ነው። ስታገባው ወደሱ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ እኔ በነበርኩበት ቀረሁ። በዚህ ተጣልተን አናውቅም፤ የጾም ቀን ሲሆን ለኔ ለብቻው ሽሮ ትሠራለች፣ እንዲያው ልማድ ሆኖ።

ማታ ነገሩን ስነግራት እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ሳታነሳ ሰማችኝ።

«ያቺን? ውሰጂያት። ጤነኛ ከተባለ ከሷ በላይ ማን አለ? ከክትባት ሌላ መርፌ አታውቅም።»

እውነቷን ነበር። ልጅቷ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ለእናቷና ለአባቷ አንድ ናት። ፊቷ ሞላ ያለ፣ ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ የማትቸኩል ልጅ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ነጠላ ለብሳ ትቀመጣለች፤ በበጋም ነጠላዋን አትጥልም። ከተላከች ትሄዳለች፤ ካልተላከች ከተቀመጠችበት አትነሳም። ደብተሯ ንጹሕ ነው፤ አስተማሪዎቿ ጎበዝ ባይሏትም ረባሽ ብለዋት አያውቁም። ጎረቤቶች ለልጆቻቸው «እንደሷ አትረጉም?» ይሉ ነበር። አባቷ ስለ ገርነት ሲያስተምር ስሟን አይጠራም እንጂ ምሳሌ የሚያደርገው እሷን እንደሆነ ምእመኑ ሁሉ ያውቃል። እናቷ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት የሰፋችላት ቀሚስ አሁንም ልኳ መሆኑን ለደንበኞቿ ታሳይ ነበር። «ልብስ አያያዝ ማለት ይሄ ነው» ትላለች። እኔም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበርኩ፤ በየቀኑ አያታለሁ። ምንም አልታየኝም።

ደም የምንቀዳበት ቀን ልጆቹ ቁርስ ሳይበሉ እንዲመጡ ተነግሯቸው ነበር። ምግብ ከገባ ኢንሱሊን ከፍ ስለሚል የጾመ ሆድ ያስፈልጋል። አንድ መማሪያ ክፍል ተለቀቀልን። ወላጆች በመስኮት ተደርድረው ያያሉ፤ ያ ጠያቂ አባትም ከነልጁ መጥቷል። የእህቴን ልጅ መጀመሪያ አስቀመጥኳት። ክንዷ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሥሯን ለማግኘት ደጋግሜ ዳሰስኩ። ማለዳው ስለሚቀዘቅዝ ነው ብዬ እጇን በእጄ አሸሁላት። መርፌው ሲገባ ዓይኗን እንኳ አልጨፈነችም። ቱቦው ሲሞላ ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ የተሰጣትን ዳቦና ሻይ ይዛ በቀስታ ወጣች።

«አየህ፣ እንደሷ ሁን» አለ ጠያቂው አባት ለልጁ፣ እጅጌውን እየጠቀለለለት።

ከሶዶ በኋላ ወደ ሁምቦ ወረድን። የቆላ ልጆች እንዲገቡ ሐኪሙ አጥብቆ ይፈልግ ነበር። በወጣን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሙቀቱ ተቀበለን፤ ተራራዎቹ ላይ ገበሬው ከልሎ ያሳደገው ጫካ እንደገና አረንጓዴ ሆኗል፤ ሜዳው ላይ ያለው በቆሎ ግን ዝናብ ጠፍቶበት ቅጠሉን ጠቅልሎ ቆሟል። እዚያ የጠበቀን ጣጣ ከሶዶው የተገላቢጦሽ ነበር። ደሙን የከለከለን ሰው የለም። ችግሩ ማን ጤነኛ እንደሆነ መወሰን ሆነ።

ሐኪሙ የልጆቹን ክብደትና ቁመት ይለካል፤ ክንዳቸውን በመለኪያ ይለካል፤ የቀጨጩትን ወደ ጎን ያደርጋል። እነዚያን ለወረዳው የምግብ ድጋፍ ያስመዘግባቸዋል እንጂ ደማቸውን አንወስድም። ከሰልፉ ወደ ጎን የሚወጡት ሲበዙ ርእሰ መምህሩ ጠጋ አለና፣ «ዶክተር፣ እነዚህ እኮ ተማሪዎቼ ናቸው። በየቀኑ ይመጣሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ። በእኛ አገር ልክ ጤነኞች ናቸው» አለው።

«አውቃለሁ» አለ ሐኪሙ። «እነሱን ካስገባሁ ግን ረሃቡን ልክ ነው ብዬ ጻፍኩ ማለት ነው። ነገ የሚመጣው ሐኪም የተራበ ልጅ ቁጥር አይቶ ‹ይሄ እዚህ አገር ደንበኛ ነው› ብሎ ወደ ቤቱ ይሰደዋል።»

ርእሰ መምህሩ አልተከራከረም፤ የተስማማም አልመሰለኝም።

ይህ እየተባለ ሳለ ልጇ ወደ ጎን የወጣባት አንዲት እናት መጣች። ጀርባዋ ላይ ሌላ ልጅ አዝላለች። በወላይትኛ ስትናገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀስ ብላ ተረጎመችልን።

«የልጄን ደም ለምን ናቃችሁ ነው የምትለው። ልጄ በሽተኛ አይደለም፤ ባዶ ሆዱን አምጪው ብላችሁ ባዶ ሆዱን አመጣሁት ትላለች።»

ሐኪሙ የእስክሪብቶውን ክዳን ነከሰ። በሶዶ የተለማመደው መልስ እዚህ አይሠራም። መጨረሻ ላይ፣ «ንገሪያት» አለ፣ «ልጇን አልናቅነውም። በመጀመሪያ እንዲጠግብ እንፈልጋለን።» ሴትዮዋ ሰማች። «እኔም» አለችና ሄደች። ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገንም፤ በአማርኛ ነው ያለችው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራው አሰልቺ ነበር። ደሙን በማሽን አሽከርክሬ ከላይ የሚንሳፈፈውን ቢጫ ውኃ እለያለሁ፤ በትንንሽ ቱቦ አድርጌ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖራለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እንዲያስነሱ እሮጣለሁ። ቁጥሮቹ ግን አልሰለቹኝም። ከዚያ በፊት «ልክ» የሚባለው ነገር አንድ ቦታ ላይ የቆመ ይመስለኝ ነበር። የልጆቹን ውጤት በዕድሜ ስንደረድር ሁሉም ይንቀሳቀሳል። የታናናሾቹ ኢንሱሊን ዝቅ ያለ ነው፤ ድምፃቸው መጎርነን የጀመረ ወንዶችና ጡታቸው የወጣ ሴቶች ዘንድ ሲደርስ ምንም ሳይታመሙ ከፍ ይላል። መጀመሪያ ሳየው የስኳር በሽታ ሊይዛቸው ነው ብዬ ደነገጥኩ።

«አይደለም» አለኝ ሐኪሙ። «ሰውነቱ እያደገ ነው። ሲያድግ ኢንሱሊንን እንደ ድሮው አይታዘዝም፤ ስለዚህ ቆሽት ብዙ ይልካል። ጉርምስናው ሲያልፍ ይመለሳል።»

ስለዚህ በልጅነትና በአዋቂነት መሃል ያለ ልጅ ከአዋቂ ወረቀት ጋር ሲስተያይ ወይ ያለበሽታው ይታከማል ወይ በሽታው ይታለፋል። የዚህ ጥናት ነገር ያን ቀን ነው በትክክል የገባኝ።

የታይሮይዱን ሆርሞን የለካሁት ከሁሉም በኋላ ነው። እሱ አንገት ላይ ካለው እጢ የሚወጣ፣ የሰውነትን እሳት የሚያነድ ሆርሞን ነው። ሲያንስ አእምሮ ሥር ያለ ሌላ እጢ «ጨምር፣ ጨምር» የሚል ሁለተኛ ሆርሞን ይልካል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምናየው። የልጆቹ ውጤት ተቀራርቦ ወጣ፤ አንድ ቱቦ ብቻ ከሁሉም ተለየ። የታይሮይዱ ሆርሞን ከሥር ወድቋል፤ የሚጎተጉተው ደግሞ መሣሪያው ሊያነብ ከሚችለው በላይ ነው። ስም አንጽፍም፣ በቁጥር ነው የምንሠራው። የዚያ ቱቦ ቁጥር ግን አንድ ነበር። መጀመሪያ የቀዳሁት ደም የማን እንደሆነ የሚነግረኝ አላስፈለገኝም።

ደገምኩት። በሌላ የመመርመሪያ ኪት ደገምኩት። ያው ነው። ለሐኪሙ ወሰድኩለት።

«ይቺ ልጅ ያቺ የእህትሽ ልጅ ናት?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ቤት ስትሆን ይበርዳታል?»

ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ነጠላዋን ለብሳ ተቀምጣ ታየችኝ።

በማግስቱ እህቴና ባሏ ልጅቷን ይዘው መጡ። ሐኪሙ አንገቷን ከኋላ ሆኖ ዳሰሰ፤ ትንሽ እንቅርት አለ፣ ለዓይን የማይታይ። ጉልበቷን በትንሿ የጎማ መዶሻው መታ አደረገ፤ እግሯ ተነስታ ስትመለስ እንደሷው በዝግታ ነው። ቆዳዋን አየ። ቁመቷን ለካና ከሶዶ እኩዮቿ ቁመት ጋር አስተያየው፤ ከሁለት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ቀርታለች። እህቴ ያን ጊዜ ወለሉን ታይ ነበር። የቀሚሱ ነገር ትዝ ብሏት ይሆናል።

«ጤነኛ ልጅ ሰጠሁዎት፤ በሽተኛ አድርገው መለሱልኝ» አለችው።

«እኔ አላሳመምኳትም፣ እናቴ። ከቆየ ነገር ነው የደረስንበት። ከምትበሉት ጨው አዮዲን ጎድሎ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የራሷ ሰውነት እጢውን እየጎዳው ይሆናል። የትኛው እንደሆነ አሁን አላውቅም። መድኃኒቱ ግን አንድ ነው፤ የጎደለውን ሆርሞን በክኒን እንሰጣታለን።»

ከዚያ አባቷ ተናገረ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ዶክተር፣ ይህ እርጋታዋ... ልጄ ሰውን አስቀይማ አታውቅም። ይሄም በሽታው ነው?»

ሐኪሙ መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ያንን መናገር አልችልም» አለ። «መድኃኒቱን ስትወስድ አብረን እናያለን።»

ልጅቷ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «ይሄን ክኒን ከወሰድኩ ብርዱ ይተወኛል?»

«ይተውሻል» አላት። እናቷ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ለምን ይበርደኛል ብለሽ አልነገርሽኝም ስትላት ልጅቷ፣ «ሰው ሁሉ የሚበርደው መስሎኝ ነበር» አለች።

ክኒኑ ሶዶ ውስጥ አይገኝም ነበር። ሐኪሙ ከአዲስ አበባ በሚያውቀው የአውቶቡስ ሾፌር በኩል ያስመጣና ለእህቴ ይሰጣታል። አባቷ የመጀመሪያውን ክኒን በእጁ ይዞ ጸለየ፤ ከዚያ ከውኃ ጋር ሰጣት። ዘወትር ጧት ከቁርስ በፊት ትውጣለች።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምንም አልታየም። ከዚያ ነጠላው ከትከሻዋ ወረደ። ፊቷ ሟሸሸና አጥንቷ ታየ፤ እናቷን ስትመስል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቀሚሱ አጠረ። እህቴ ጫፉን ፈታ አስረዘመችው፤ እንደገና አጠረ። ይህ ሁሉ ደስ አሰኛቸው። ሌላው ለውጥ ግን ቀስ እያለ መጣ፤ ለሱ ማንም አልተዘጋጀም።

ልጅቷ መናገር ጀመረች። ምሳ ላይ ትናገራለች፤ ጸሎት ሊጀመር ሲል ትናገራለች። ስኳር ድንች ሲቀርብ «ዛሬም?» ትላለች። ገበያ ስትላክ «ለምን እኔ?» ትላለች፤ ሄዳ ደግሞ ከሰፈር ልጆች ጋር ስትጫወት መሽቶባት ትመለሳለች። መቀመጥ አቃታት። ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላታል። ክፍል ውስጥ ታወራለች ተብሎ ወላጅ አምጪ ተባለች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። ደብተሯ ተዝረከረከ፤ ውጤቷም ትንሽ ወረደ። አንድ እሑድ አባቷ እያስተማረ ሳለ ከመዘምራኑ መሃል ጮክ ብላ ሳቀች። ለምን እንደሳቀች ስትጠየቅ፣ አጠገቧ ያለችው ልጅ የነገረቻት ነገር እንዳሳቃት እቅጩን ተናገረች።

ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያጋጥም አልደበቀንም። ለዓመታት በዝግታ የኖረች ልጅ ድንገት በእኩዮቿ ፍጥነት ስትኖር መጀመሪያ ላይ ይበዛባታል፤ መጠኑን በደም ምርመራ እያየን እናስተካክላለን፤ ጊዜ ስጧት አለ። ደሟን በየጊዜው እቀዳለሁ። ክንዷ አሁን ሙቅ ነው፤ «ቀስ አድርጊው እንጂ፣ አክስቴ፣ ያማል!» ትለኛለች።

አንድ ቀን እህቴ ጨርቅ እየቀደደች፣ «ያቺ ልጄ የት ሄደች?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ በነበረው ክረምት ልጅቷ እንደገና ዝም አለች። ትምህርት ተዘግቷል፤ ዝናቡም ሰውን ሁሉ ቤት አስቀምጦታል። በልታ ትተኛለች፤ የተባለችውን ትሠራለች። በመጨረሻ ልቧ ተሰበሰበ ተባለ። እህቴን ስለ መድኃኒቱ ስጠይቃት፣ በዝናቡ ምክንያት ዘግይቶ ነው፣ ሊመጣ ነው አለችኝ። አመንኳት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ብቻዋን ላቦራቶሪ መጣች። ቤት ስታገኘኝ ምንም ሳትለኝ ሥራ ቦታዬ ድረስ በጭቃ መጥታ ነው። ነጠላውን እስከ አገጯ ተከናንባለች።

«ክኒኑን ስጪኝ» አለችኝ።

«እናትሽ አልመጣም አለችኝ እኮ።»

«መጥቷል። ስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ነው። ስጪኝ ስላት ‹ትንሽ ዕረፊ› ትለኛለች።» ከዚያ እንደ ድሮው በዝግታ፣ «አክስቴ፣ ሰው ሲያናግረኝ ከሩቅ ነው የሚሰማኝ። ፊት አላውቀውም ነበር። አሁን አወቅኩት» አለች።

ደም ቀድቼ አየሁ። መድኃኒት ካቋረጠች ቆይታለች።

ማታ ስጠይቃት እህቴ አልሸሸችኝም። መሳቢያውን ራሷ ከፈተችና ጠርሙሶቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው።

«እንድትታመም አይደለም» አለች። «ጥቂት ሳምንት ብቻ ልይ ብዬ ነው። ልጄን ልያት ብዬ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የማውቃት ልጅ ነበረችኝ። ይቺኛዋን አላውቃትም፤ በር ስትዘጋ እደነግጣለሁ።»

«እትዬ፣ እሷ እኮ ነች በእግሯ መጥታ መድኃኒቱን የለመነችኝ።»

«በዚህ ዝናብ?»

«በዚህ ዝናብ።»

ወንጌላዊው በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶናል። ስለ ጠርሙሶቹ የሰማው ያኔ መሆኑን ከፊቱ አይቻለሁ። ሚስቱን አልገሠጻትም። ጠርሙሶቹን ሰብስቦ ኮቱ ኪስ ውስጥ ጨመራቸውና፣ «ከነገ ጀምሮ እኔ እሰጣታለሁ» አለ። ከዚያ ልጅቷ ወደተቀመጠችበት ሄደ። ምን እንዳላት አልሰማሁም። እሷ ግን፣ «እሺ፣ ስድብ ግን አልተሳደብኩም፤ የሳቅኩት ብቻ ነው» ስትል ሰማሁ። ስለዚያ እሑድ እየተነጋገሩ ነበር ማለት ነው። አባቷ ከዚያ በኋላ ስለ ገርነት ሲያስተምር የሌላ ሰው ምሳሌ መፈለግ ነበረበት፤ ፈለገም።

ሐኪሙ ጥናቱን ጨርሶ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ያዘጋጀውን ሠንጠረዥ ላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ ለጠፍነው፤ በየዕድሜው ለወንድና ለሴት ከዚህ እስከዚህ የሚል። የቱቦ ቁጥር አንድ ውጤት እዚያ ውስጥ የለም፤ ከጤነኞች ተራ ወጥቷል። ልጅቷ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት በአንዱ የምርመራ ቀን ውጤቷን ከሠንጠረዡ ጋር አስተያየሁላት። መሃሉ ላይ ወድቋል። ደስ ብሎኝ ጠርቼ አሳየኋት። በዓይኗ ገረፍ አድርጋ፣ «ጥሩ ነው፤ ጓደኞቼ እየጠበቁኝ ነው» አለችና ወጣች።

ዛሬ ከሶዶ በስተ ምዕራብ ባለችው ቤሌ ከተማ ታስተምራለች። በምዕራቡ መንገድ አውቶቡስ የምትሳፈር ሰው ያውቃታል፤ ሾፌሩ ትርፍ ሲጭን ዝም የማትለው እሷ ናት። ክኒኗን አሁን የሚያስታውሳት ሰው አያስፈልጋትም።

እናቷ ግን ክኒኑን ከደበቀችበት ክረምት በኋላ ብዙ ቀን በሐሳብ ስትዋጥ አያት ነበር። አንድ ቀን ሳይታሰብ ላቦራቶሪ መጣችና ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«የኔንም እይልኝ። እኔም ይደክመኛል። ጧት ስነሳ ጀምሮ ይደክመኛል። ከኔ ይዛው ይሆናል።»

ቀዳሁላት። ለካሁት። በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ሆርሞን ምንም የጎደለ ነገር የለም። ስነግራት ቅር አላት።

«ምንም?»

«ምንም። ልክ ነሽ።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ድካም ከየት መጣ?»

 የምትሰፋውን ልብስ ብዛት፣ ቤቷን፣ የቤተ ክርስቲያኑን እንግዶች አሰብኩ፤ ግን አላልኩም። እሷም አልጠበቀችኝም። እጅጌዋን አውርዳ ለመሄድ ተነሳች፤ መልሳ ተቀመጠች። ሥራ እስክጨርስ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ እጇን አጣምራ ቆየችኝ። እህቴ ሥራ ሳትይዝ ተቀምጣ ያየሁበትን ሌላ ቀን አላስታውስም። ስወጣ፣ «ዛሬ ጾም ነው?» አለችኝ።

«አይደለም።»

«እንግዲያው ቤት አንሂድ።»

ወደ ሥጋ ቤቶቹ ወረድን። ወንዶች በሞሉበት ቤት ጥግ ላይ ጠረጴዛ ይዘን ጥሬ ሥጋ በሚያቃጥለው የወላይታ ማባያ በዳታ አዘዝን። እሷ ቢላዋውን ተቀብላ ለኔም ለራሷም እየቆረጠች ስለ አንድ ደንበኛዋ፣ ለሠርግ ልኳን ተለክታ ሳትመጣ ስለቀረች ሙሽራ፣ ሲመሽ እስክንነሳ ድረስ አወራችልኝ።